ቃለ መጠይቅ አለህ እንዴ?

ባለፈው ሰኞ፣ ሥራ በያዝሁ በሦስተኛ ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ገንዘብ የገዛሁትን ሙሉ ሱፍ ለብሼ ቢሮ ገባሁ። ከረባቱን ለማሰር መስታወት ፊት ሃያ ደቂቃ ቆሜአለሁ፤ ከጀሞ እስከ ሜክሲኮ በሚኒባስ ስመጣም ኮቱ እንዳይጨማደድ አውልቄ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ነበር። ደረጃውን ወጥቼ በሩን ገና ከመክፈቴ ግን አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ከኮምፒዩተሩ ቀና ብሎ፣ ክፍሉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ዛሬ ምን ተገኘ? ቃለ መጠይቅ አለህ እንዴ?» አለኝ። «ኧረ ሚዜ ሆኖ ነው!» አለች በመስኮቱ በኩል ያለችው። ሦስተኛው ምንም ሳይጠይቅ ሱፉን የማስመርቅበትን ቀን ቆረጠልኝ።

ቀልድ ነው ይባላል። እኔ ግን ሳስበው ዋልሁ። በእኛ ቢሮ አንድ ሰው ሥራውን አክብሮ፣ በየቀኑ ለሚውልበት ወንበር ብሎ ሊለብስ ይችላል የሚል ግምት ከቶ የለም። ሱፍ የሚለበሰው ለሚሄዱበት ነው፤ ለሚውሉበት ሹራብ ይበቃል።

ይህን ሱፍ ደግሞ እንዲሁ ከመሬት ተነሥቼ አልገዛሁትም። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ በስልኬ የአለባበስ መምህራንን ስሰማ ከርሜአለሁ። ትምህርታቸው አንድ ነው፦ ወጣት ሠራተኛ 5 ሸሚዝ፣ 3 ሱሪ፣ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ እንዲሁም ጥቁርና ቡናማ ጫማ ካለው፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ስለሚሄድ፣ ወር ሙሉ ሳይደግም ይለብሳል። ሒሳቡን ሠርቼ አየሁት፤ 30 ይመጣል፤ እውነት ነው። ችግሩ መምህሩ የቆመበት ከተማ ነው። እርሱ ባለበት አገር ብርዱ ሲገባ ካፖርት ይለበሳል፤ ሙቀቱ ሲመጣ ይሰቀላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጆሮ በሚቆርጥ ብርድ አስለብሳ ታስወጣንና እኩለ ቀን ላይ አናት በሚበሳ ፀሐይ ታስወልቀናለች፤ ስለዚህ የዚህ አገር ሠራተኛ ኮቱን አንድ ሰዓት ያህል ይለብሰዋል፤ የቀረውን ቀን ይሸከመዋል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ደግሞ ጥቁሩም ቡናማውም ጫማ በጭቃው አንድ ቀለም ስለሚሆኑ፣ 30 የነበረው ወደ 15 ይወርዳል። ሴቶቹ ባልደረቦቼ ይህን ቀድመው ስላወቁት ታኮ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው መጥተው ከጠረጴዛ ሥር ይቀይራሉ፤ ከመምህራኑ አንዱም ስለ ፌስታል ሲያነሣ አልሰማሁም።

ስለ ሱፍ ከተነሣ ቃሉ ራሱ ያናድደኛል። ሱፍ በዐረብኛም የበግ ጠጉር ነው፤ በእኛም ቃሉ ሲገባ እንደዚያው ነበር። ባለ ሱቁ «ኦሪጅናል የቱርክ ሱፍ» ብሎ የሸጠልኝን ኮት ማታ ገልብጬ ጽሑፉን ሳነብ ግን «100 በመቶ ፖሊስተር» ይላል። ከነዳጅ የተሠራ ሱፍ መሆኑ ነው፤ በግ በአጠገቡ አላለፈም። በነቢያት ጾም የምንበላው የሱፍ ፍትፍት ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ውስጡ ሱፍ አለበት።

ዋጋውን ስጠይቅም ባለ ሱቁ ስለ ዶላር አስተማረኝ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከስፌት መርፌ ሻጭ ጀምሮ ነጋዴ ሁሉ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሆኗል። የኮቱ ትከሻ ላይ ያረፈውን አቧራ እያሳየሁ፣ ከዚያ ቀን በፊት የገባ ዕቃ መሆኑን በትሕትና ብጠቁመው፣ «ወንድሜ፣ እሱን ሸጬ የምተካው እኮ በዛሬው ዶላር ነው» አለኝ። መልስ አጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬም አላገኘሁም፤ ከዋጋው ይልቅ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ከወር ደመወዜ ግማሽ የሚበልጠውን ቆጥሬ ሰጠሁት።

አስተዋይ ጓደኞቼ ሳልባጅ ይገዛሉ። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም፣ ቦንዳ በሚፈታበት ሰዓት ማልዶ የደረሰ ሰው እውነተኛ የበግ ጠጉር ኮት፣ ያውም እኔ ከከፈልሁት በሩቡ፣ ይዞ ይመለሳል። እኔም አንድ ነጭ ሸሚዝ ከዚያው አለኝ፤ አንገትጌው ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ መሆኑ ተጽፏል። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአሜሪካ ገበያ ሸሚዝ ይሰፋ ነበርና፣ ምናልባት የእኔውም እዚያ ተሰፍቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ላብ ጠጥቶ የተመለሰ ይሆናል። እኔ አሜሪካን አላየሁም፤ ሸሚዜ ግን ደርሶ መልስ ሄዷል።

ይህ ሁሉ ግን ከአክስቴ ልጅ በደል ጋር ሲመዛዘን ምንም አይደለም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ የጎረቤት ልጅ ጫማ ተውሼ በገባሁ ቁጥር እናቴ ስለምትለው፣ ተውሼ የመጣሁትን ሳልለብስ እየመለስሁ አደግሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ይኸው የአክስቴ ልጅ ለቃለ መጠይቅ ብሎ፣ ወላጆቼ ለምርቃቴ የገዙልኝን ኮት ተዋሰኝ። እኔን ትከሻው ይሰፋኝ ነበር፤ እርሱን ልክክ አለው። ሥራውንም አገኘ፤ ደመወዙ የእኔ እጥፍ ነው። ያንን ተረት የተረተው ሰው የአክስቴን ልጅ አላየውም ማለት ነው፤ የሰው ወርቅ ያደምቃል፣ እጅግም ያደምቃል፤ የሚያደበዝዘው ባለቤቱን ነው። ኮቱን በጠየቅሁት ቁጥር «ላውንደሪ ገብቷል» ይለኛል። ሁለት ዓመት የሚታጠብ ኮት ምን ዓይነት ኃጢአት ቢኖርበት ነው? ቢቸግረኝ ለአክስቴ ብነግራቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ለወንድምህ ጨርቅ ትቆጥራለህ?» ብለው እኔኑ ተቆጡኝ። ከዚያ የጥምቀት ዕለት በተነሣው ፎቶ ላይ ለብሶት አየሁት። እጅጌውን አሳጥሮታል! ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ የተዋሰውን ልብስ እጅጌ የሚያሳጥር ሰው ልቡ የት እንደደረሰ ግልጽ ነው።

ማሳጠር ሲባል የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ትዝ አለኝ። የአዲሱን ሱሪ እግር እንዲያሳጥርልኝ ሰጥቼው «ሐሙስ ና» አለኝ፤ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። በአራተኛው ሐሙስ ስቀበለው ግራው እግር ከቀኙ በአንድ ጣት ያጥራል። ባሳየው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፣ «ስትራመድ አይታይም» አለኝ።

ወደ ሰኞው ነገር ልመለስና፣ ይህንኑ ምክር ተቀብዬ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ሳልቆም ስመላለስ ዋልሁ። ያ ባልደረባዬ መንቆራጠጤን ሲከታተል ቆይቶ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ አውራ ጣቱን አሳይቶ «አትጨነቅ፣ ታልፋለህ» አለኝ። ማክሰኞ የተለመደውን ግራጫ ሹራቤን ለብሼ ገባሁ። በዚህ ጊዜ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ወንበሩን ጠጋ አድርጎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት በለሆሳስ፣ «አይዞህ፣ ሌላ ይወጣል» አለኝ፤ የዚያን ቀን ቡናዬንም እርሱ ከፈለ።