አልበሙን ሙሉ ያልሰማ ደረጃ አያውጣ

እሁድ ከሰዓት ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ከጃን ተከል ዋርካ ብዙም ሳንርቅ፣ አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ውስጥ ስድስት ሆነን ተጣበን ተቀምጠናል። ጠረጴዛው ላይ ከደብተር የተገነጠሉ ስድስት ወረቀቶች አሉ። በእያንዳንዱ ላይ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ተጽፏል፤ ከቁጥሩ ጎን የአልበም ስም። አንዱ ጓደኛችን ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስል ወረቀቱን በክንዱ ከልሎታል። ቡና የምታፈላው ልጅ ቶናውን ስትቀዳልን «ዕቁብ ልታወጡ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችን።

ዕቁብ አይደለም። የብላክ ሳባዝን አልበሞች ደረጃ እያወጣን ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ብላክ ሳባዝ በ1968 እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ከተማ፣ በአራት የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች የተመሠረተ ባንድ ነው። (የባንዱን ዓመታት የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ጊታር ቶኒ አዮሚ፣ ቤዝ ጊዘር በትለር፣ ድራም ቢል ዋርድ፣ ድምፅ ኦዚ ኦዝቦርን። ሄቪ ሜታል የሚባለው ከባድ የሮክ ሙዚቃ ከማን ጀመረ ሲባል አብዛኛው ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ እነሱ ነው። ከ1970 እስከ 1978 ኦዚ የዘፈነባቸው ስምንት የስቱዲዮ አልበሞች አወጡ። ጁላይ 5 ቀን 2025 አራቱም ኦዚ ያደገበት ሰፈር ባለው ቪላ ፓርክ ስታዲየም እንደገና ተገናኝተው ተጫወቱ። ኦዚ መቆም ስላቃተው ዙፋን መሰል ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። በ17ኛው ቀን ዐረፈ። የእኛም ክርክር የጦፈው ከዚያ ወዲህ ነው።

ወረቀቶቹ ተገለጡ። ከስድስታችን አራቱ «ፓራኖይድ»ን አንደኛ አድርገዋል። የተለየነው እኔና በያጁ ጓደኛችን ብቻ ነን። እኛ ያስቀደምነው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ»ን ነው።

ከ«ፓራኖይድ» ጋር ጠብ የለኝም። በ1970 የወጣ ትልቅ አልበም ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ በሽያጭ አንደኛ ሆኗል። ቅር ያሰኘኝ የጓደኞቼ ምክንያት ነው። ለምን አንደኛ አደረጋችሁት ስል ሦስቱ የሰጡኝ መልስ አንድ ነው፤ «ሂቶቹ እሱ ላይ ናቸዋ!» አራተኛው ጭራሽ አልበሙን ሰምቶት አያውቅም። ስልኩ ላይ ያለው ከየአልበሙ ተለቃቅሞ የተሠራ ምርጥ ስብስብ ነው። ያንን ሰምቶ ስምንት አልበም በደረጃ ደረደረ።

እኔ የምለው ይሄ ነው፤ አልበምን ደረጃ የሚያወጣ ሰው አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በተደረደረበት ቅደም ተከተል ይስማው። ዘፈን እየለቀሙ መውደድ መብት ነው፤ ማንም አይከለክልም። ያ ግን የዘፈን ደረጃ ይባላል እንጂ የአልበም አይባልም።

ራሱን «ፓራኖይድ»ን እንውሰድ። አልበሙ መጀመሪያ ሊወጣ የታሰበው «ዋር ፒግስ» ተብሎ፣ በመክፈቻው ረጅም ፀረ ጦርነት ዘፈን ስም ነበር። ሽፋኑ ላይ ሰይፍና ጋሻ ይዞ የሚታየው ሰው የመጣው ከዚያ ነው። ስሙ ሲቀየር ሽፋኑ አልተቀየረም። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ባለስሙ ዘፈን ደግሞ አልበሙ ጥቂት ደቂቃ ስለጎደለው ስቱዲዮ ውስጥ በጥድፊያ የተሠራ ማሟያ ነው። እንግዲህ በዚህ ዘፈን ብቻ አልበሙን የመዘነ ሰው፣ የመዘነው ማሟያውን ነው። ዋናው ሥራ፣ ያ ጦርነትን የሚያወግዝ መክፈቻ፣ ከዚያም ስለ ሱሰኛ ወታደሮች የሚናገረው ረጅም ዘፈን፣ ሳይሰማ ቀረ።

አሁን ወደ በያጁ ልመለስ፤ እሱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አዘዞ መንገድ ላይ በርና መስኮት ይሠራል። ግድግዳው ላይ በሽቦ የታሰረች አሮጌ ስፒከር አለችው። አንድ ቀን ልጠይቀው ሄጄ አንግል ብረት ሲቆርጥ ደረስኩ። ግራይንደሩ ሲያቆም ከስፒከሯ የሚወጣው ጊታር ቀጠለ። ብረቱ የጮኸበትንና ጊታሩ የጀመረበትን ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ያን ቀን የአዮሚን ታሪክ ነገርኩት። አዮሚ በ17 ዓመቱ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና «የትኛውን እጁን?» አለኝ።

«ቀኙን። ግን ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በቀኙ ነው።»

ዝም አለ። የራሱን ቀኝ እጅ ዘርግቶ የመሃል ጣቱንና የቀለበት ጣቱን አጠፋቸው። በቀሩት ጣቶች አየር ላይ ክር ለመጫን ሞከረ። «እና እንዴት ተጫወተ?» አለ።

የፋብሪካው ኃላፊ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው። ጃንጎ በእሳት አደጋ እጁ ተጎድቶ በሁለት ጣት ዜማውን ይመራ የነበረ ታላቅ ጊታሪስት ነው። አዮሚ ያን ሰምቶ ተነሳ። የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ክሩን እንዲይዝለት ቆዳ አለበሰው። ቀጫጭን ክሮችን መረጠ። ኋላ ላይ ደግሞ፣ በ1971 በወጣው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ላይ፣ ለአንዳንዶቹ ዘፈኖች ጊታሩን አንድ ተኩል ድምፅ ዝቅ አድርጎ ቃኘው። ክሩ ላላ፤ ጣቱ አረፈ። በትለርም ቤዙን አብሮት አወረደ።

ክራር የያዘ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም። ክሩን ስታላላው ድምፁ ይወርዳል፤ ይወፍራል፤ ደረት ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ የሜታል ባንዶች እያባዙ የተጠቀሙበት ያ ከባድ ድምፅ በከፊል ከአንድ ሰው የጣት ሕመም የመጣ ነው። በያጁ «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ»ን አንደኛ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ለዚህ ምክንያት ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

የኔ ምክንያት ቅደም ተከተሉ ነው። አልበሙ ስምንት ትራክ አለው፤ በድምሩ 34 ደቂቃ ገደማ ነው። ታክሲው እየጫነና እያወረደ ከፒያሳ አዘዞ እስኪደርስ አንዴ ተሰምቶ ያልቃል። በሁለት ከባድ ዘፈኖች መሃል ግማሽ ደቂቃ እንኳ የማትሞላ የጊታር ቁራጭ ገብታለች። ለብቻዋ ስትሰማት ምንም አይደለችም። ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣውን ዘፈን ስትሰማ ግን ምን እንደሠራች ይገባሃል፤ ጆሮህን አጥባ ነው የሰጠችህ። ወደ መጨረሻው ደግሞ ድንገት ሁሉም ነገር ይረጋል። ኦዚ በለሆሳስ ይዘፍናል፤ አዮሚ ጊታሩን አለስልሶ ዋሽንት መሰሉን ፍሉት ይነፋል። ብቸኝነት ነው። ያ እንዳለቀ የመጨረሻው ዘፈን እንደ ናዳ ይወርዳል። ዘፈኖቹን አደበላልቀህ ከሰማሃቸው ይሄ ናዳ የለም። ከምን ላይ ይወርዳል?

የመጀመሪያው አልበማቸውም በኛ አገር ጆሮ የሚገባውን ያህል የተሰማ አይመስለኝም። በ1970 የወጣ ነው፤ በአንድ ቀን ተቀድቶ አልቋል። ዝናብና ደወል ይሰማና ጊታሩ ሦስት ድምፅ ይመታል። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ርቀት በአውሮፓ «የሙዚቃ ሰይጣን» የሚል ቅጽል የወጣለት፣ የሚቆረቁር ርቀት ነው። አሁን የኛን አንቺ ሆዬ ቅኝት አስቡ። ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ አራተኛው ያለው ርቀት ያው ነው! ፈረንጅ የፈራውን ርቀት የጎንደር አዝማሪ በማሲንቆው ፍቅር ሲያወራበት ኖሯል። ስለዚህ «ይሄ ለኛ ባዕድ ድምፅ ነው» የሚለኝን ሰው አልቀበለውም። ጆሯችን ያውቀዋል።

«የሰይጣን ሙዚቃ ነው» የሚለውስ? ጎንደር 44ቱ ታቦት የሚባልላት ከተማ ናት፤ ጥያቄው በየቤቱ አለ፤ በኛም ቤት ነበር። እናቴ ስልኬ ላይ የአራቱን ፎቶ አይታ «እነዚህ ልጆች ሁሉም መስቀል አድርገዋል እኮ» አለችኝ። አዎ እማዬ፣ አድርገዋል። ፋብሪካ የሚሠራው የኦዚ አባት ነው ከብረት የሠራላቸው። በትለር በካቶሊክ ቤት ያደገ ነው። «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ላይ በእግዚአብሔር የሚያሾፉ ሰዎችን የሚገስጽ ሙሉ ዘፈን ጽፏል። ይህንንም የሚያውቀው አልበሙን የሰማ ነው። የባንዱን ስምና ሽፋኑን ብቻ ያየ ሰው አያውቀውም። እናቴ ፎቶውን አጉልታ መስቀሉን ደግማ አየችው። ከዚያ ወዲህ ክፈተው ባትለኝም ዝጋው ብላኝ አታውቅም።

ኦዚን የተካው ድምፃዊ ሮኒ ጀምስ ዲዮ የዘፈነባቸውን ከዝርዝሩ የሚያስወጡም አሉ። «ያለ ኦዚ ሳባዝ የለም» ይላሉ። ይሄ ለሐዘን ጥሩ ነው፣ ለደረጃ ግን አይሆንም። የ1980ው «ሄቨን ኤንድ ሄል» ከስምንቱ የመጨረሻዎቹ ሁለት አልበሞች በሁሉም ነገር ይበልጣል። ቀጣዩ ወረቀት ላይ እንዲገባ ጠይቄያለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ካሴት ሲሰማ አስታውሳለሁ። ዘፈን መዝለል ሥራ ነበር። ባትሪ እንዳያልቅ ካሴቱን ቢክ እስክሪብቶ ላይ ሰክቶ በእጁ ያጠነጥነው ነበር። ስለዚህ አይዘልም። ያልወደደውንም ሰምቶ ያልፋል፤ በሦስተኛው ሳምንት ያልወደደውን ሲያንጎራጉር ትሰማዋለህ። በዚህ ከተማ በተወለደችው በአስቴር አወቀ ካሴቶች ያደጉ እናቶችና አክስቶች ዛሬም የትኛው ይበልጣል ብለው ሲከራከሩ የሚጠቅሱት የካሴቱን ፊትና ጀርባ ነው። ከየትኛው ዘፈን ቀጥሎ የቱ እንደሚመጣ በቃላቸው ያውቁታል። እኛ በዚህ በኩል ደህይተናል።

እኔ ራሴ ወደዚህ አሰማም የተመለስኩት በግድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋብን፣ ዩቲዩብ የለም፣ ቴሌግራም የለም። አስቸጋሪ ጊዜ ነበር፤ የሙዚቃው ነገር ከሁሉም ያነሰው ነው። ግን ምሽት ረጅም ነበር፣ ቤት ውስጥ ነን። አንድ ጓደኛዬ የሰጠኝ ሃርድ ዲስክ ላይ ስምንቱም አልበሞች በሙሉ ነበሩ፤ እያንዳንዱ በየፎልደሩ፣ ትራኮቹ በቁጥር ተደርድረው። ሌላ የምሰማው ስላልነበረኝ ከ1 እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው። ደጋግሜ። ያኔ ነው «ፓራኖይድ»ን ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ያወረድኩት።

ለቡድናችን ያቀረብኩት ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቷል። በየእሁዱ አንድ አልበም ይሰማል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ወሬ የለም፣ ስልክ የለም። ሁሉም ካለቁ በኋላ አዲስ ወረቀት እንጽፋለን። እስካሁን አምስቱን ሰምተናል። ምርጥ ስብስብ ብቻ ይሰማ የነበረው ጓደኛችን በሦስተኛው እሁድ፣ «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ላይ ያ የፍሉቱ ዘፈን ሲደርስ፣ ስኒውን አስቀምጦ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሲያልቅ «ይሄ የት ነበር እስከዛሬ?» አለ። የትም አልሄደም፤ ሰባተኛው ትራክ ላይ ነበር።

የሚቀጥለው እሁድ ተራ የ«ሳቦታዥ» ነው። በ1975 የወጣ፣ ከቀድሞ ማናጀራቸው ጋር ፍርድ ቤት እየተካሰሱ የሠሩት፣ ንዴቱ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ የሚሰማ አልበም ነው። በመጀመሪያው ወረቀት አንዳችንም ከአምስተኛ በላይ አላስቀመጥነውም። እኔ አሁን ሦስተኛ ሊሆን ይችላል ብዬ እየተጠራጠርኩ ነው። በያጁ ስፒከሯን ከግድግዳው ፈትቶ ሊያመጣት ቃል ገብቷል።