ቢቮል 13ኛው ዙር ላይ ምን ይውጠው ነበር?

ሰሞኑን አንድ የኤፍኤም ስፖርት ተንታኝ «ቦክሰኛውን ዲሚትሪ ቢቮልን ከየትኛውም ዘመን የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ጋር አጋጥሙት፣ ያሸንፋል» ሲል ሰማሁ። ለምን ቢባል «የድሮዎቹ ሳይንስ የላቸውማ!» አዘጋጁ «ልክ ነህ» ብሎ ዘፈን ጋበዘን።

እሺ፣ ስለ ሳይንሱ እናውራ። የሚዛኑ ጣሪያ ያኔም ዛሬም 175 ፓውንድ ነው። የዛሬው ቦክሰኛ ግን የሚመዘነው ግጥሚያው አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ላቡን አንጠፍጥፎ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ሲበላና ሲጠጣ ያድርና በማግስቱ ከብዶ ይገባል። የድሮው የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን አርቺ ሙር የሚመዘነው በዕለቱ ነበር። ታዲያ ይሄ ሳይንስ ነው ወይስ ውሃ?

ሙርን ካነሳን አይቀር፣ በ1958 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሞንትሪያል ላይ ከዓሣ አጥማጁ ኢቮን ዱሬል ጋር ሲጋጠም ዕድሜው ቢያንስ 41 ነበር። በመጀመሪያው ዙር ብቻ ሦስት ጊዜ ወደቀ። በአምስተኛውም ደገመው። በ11ኛው የተዘረረው ግን ዱሬል ነው። ሙር አራቴ የተነሳው በቫይታሚን ይሆን?

የእኔ ዋና ጉዳይ ግን ዙሩ ነው። ቢቮል የ12 ዙር ሰው ነው። የ1980ዎቹ ሻምፒዮን ማይክል ስፒንክስ የ15። ልዩነቱ 9 ደቂቃ ብቻ የሚመስለው ካለ ቦክስ አይቶ አያውቅም። 15 ዙር የሚጠብቀው ሰው ጉልበቱን እንደ ወር ደመወዝ ነው የሚያብቃቃው። በ1983 አትላንቲክ ሲቲ ላይ ድዋይት ሙሐመድ ቃዊን ያየ ይፍረድ። አጭር፣ ድንድን ያለ፣ ቦክስን እስር ቤት የተማረ፣ ከቡጢ ሥር እየሾለከ ወደፊት ብቻ የሚመጣ ጉድ ነው። ስፒንክስ ይህንን ሰው እስከ 15ኛው ዙር በግራ እጁ እየነካካ አራቀውና በነጥብ አሸንፎ የተለያዩ ማኅበራትን የሻምፒዮንነት ቀበቶዎች አንድ አደረገ። በ1985 ደግሞ 48 ጊዜ ተጋጥሞ ያልተሸነፈውን የከባድ ሚዛኑን ላሪ ሆልምስን ረታ። ያም 15 ዙር ነበር።

ቢቮልስ? ጥቅምት 2024 ሪያድ ላይ ተቀናቃኙ አርቱር ቤተርቢዬቭ መጨረሻዎቹ ዙሮች ላይ ድሉን ከእጁ ነጠቀው። የካቲት 2025 ላይ በነጥብ መለሰለት፣ እሺ። ግን ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዳኛ 114 ለ114 ብሎ እኩል ሰጥቷል። ቤተርቢዬቭ በሁለተኛው ግጥሚያ 40 ሞልቶታል! ሦስት ዙር ቢጨመር ማን ቆሞ ይገኝ ነበር? ለእኔ ጥያቄም አይደለም።

15 ዙር የቀረው በ1982 ኮሪያዊው ቦክሰኛ ኪም ዱክ ኩ በ15 ዙር ግጥሚያ ተመትቶ ከሞተ በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ። ይመለስም አላልኩም። ነገር ግን 12 ዙር ብቻ የሚዋጋን ሰው ከ15 ዙር ሰዎች በላይ ነው ስትሉኝ ዝም አልልም።

«ካኔሎን በ2022 አሸንፏል» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ግሩም አድርጎ። ሜክሲኳዊው ካኔሎ ግን ከታች ሚዛን የወጣ አጭር ሰው ነው። ስፒንክስ 1 ሜትር ከ89 ነው። ዲክ ታይገርን በ1968 በአራተኛው ዙር ዘርሮ ሻምፒዮን የሆነው ቦብ ፎስተር ከዚያም ይረዝማል።

ስለዚህ ቢቮል ጠዋት ይመዘንና ማታ 15 ዙር ይግባ። ስፒንክስ፣ በነጥብ። ከፎስተር ጋር ከሆነ ነጥብ መቁጠርም አያስፈልግም።