እኔ ያለሁባቸው ሃያ ገጾች

የድኅረ ምረቃ ማመልከቻዬ እስከ ናሙናው ድረስ ደህና ሲሄድ ነበር። የትምህርት ማስረጃዬን አያይዣለሁ፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልኝን ሦስት መምህራን በትሕትና ነዝንዣለሁ፤ የዓላማ መግለጫውንም ከእናቴ ማሕፀን ጀምሮ ይህን የትምህርት ክፍል ስመኝ እንደኖርኩ አስመስዬ ጨርሻለሁ። ቀጥሎ የጽሑፍ ናሙና መጣ፤ እንዴት እንደማስብና እንደምጽፍ የሚያሳይ የራሴ ሥራ ማለት ነው፦ ከ15 እስከ 20 ገጽ፣ በ12 የፊደል መጠን፣ በድርብ የመስመር ክፍተት።

እህል ሻጭ ናሙና አሳይ ሲባል ከጆንያው አፍ ደህና ደህናውን ይዘግናል። እኔ ጆንያዬን ብፈታው አፉም ታቹም አንድ ሆኖ አገኘሁት።

«ምን ያስጨንቅሃል? ወፍራሙን ላክላቸው» አለችኝ ታላቅ እህቴ። ወፍራሙ የመመረቂያ ጽሑፌ ነው፤ 112 ገጽ። የትምህርት ክፍሉ ሰዎች ግን በኪሎ አይቀበሉም። የአመልካች ክምር ፊታቸው ተቆልሎ፣ ከገደቡ ያለፈውን ገጽ ማን ያነብላችኋል? ደግነቱ ከረጅም ሥራ ቆርጦ መላክ ይፈቀዳል፤ ከየት እንደተቆረጠ አጠር ያለ ማስታወሻ ማከል ብቻ ነው። መቀሴን አነሳሁ።

መግቢያው «የሰው ልጅ ከተፈጠረበት ጊዜ አንስቶ» ብሎ ይነሳና ርዕሰ ጉዳዬ ጋ ለመድረስ ሦስት ገጽ ይጓዛል። ሁለተኛው ምዕራፍ የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ነው፦ እገሌ እንዲህ ይላል፣ እገሊት በበኩሏ እንዲያ ትላለች። ቤቱ የእኔ፣ ወሬው የእንግዶቹ፤ እኔ አልፎ አልፎ «በመሆኑም» እያልኩ አሳልፋለሁ። የጥናቱን ዘዴ ከበላዬ ከነበረ ተማሪ ተውሼዋለሁ፤ እሱም ከሌላ ተውሶት ነበር። በድምዳሜው ውስጥ በሙሉ ልብ የምምልበት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል።»

ከማንም ያልወሰድኩትን ሁሉ ቢጫ ቀባሁ። አራት ገጽ ተኩል ወጣ። አንዱ ገጽ ምስጋና ነው።

የቡድን ሥራ ነበረችኝ፤ ከፍተኛ ውጤት ያመጣች። ናሙና ግን የአንድ ሰው እጅ መሆን አለበት፤ የእኔ ድርሻ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማተምና ስቴፕለር መምታት ነበር። ሌላም አገኘሁ፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር 11 መስመር ይወስዳል፤ ግሡ እስኪደርስ ባለቤቱ ይረሳል። ያኔ ይህን ጥልቀት ነበር የምለው።

ከሁሉም ታች ባለ 9 ገጿ ተኝታ ነበር። ክፍል ውስጥ የተነገረን አንድ ነገር አልዋጥ ብሎኝ፣ በንዴት በአንድ ሌሊት የጻፍኳት ናት። ጥያቄ ታነሳለች፣ ተቃራኒውን ሐሳብ ሳትሰድብ ታቀርባለች፣ ማስረጃ ቆጥራ ትመልሳለች። መካከለኛ ውጤት ነበር የተሰጣት። ገጽ 7 ላይ፣ እርግጠኛ በሆንኩበት አንቀጽ ጎን፣ መምህሩ በቀይ «ማን አለ?» ብለዋል። ተቀይሜ ዳግም ሳልከፍታት ዓመታት አለፉ።

አሁን ግን ስድስት ገጽ ጎደለኝ። ኅዳጉን ባሰፋውስ ብዬ አሰብኩ። አራት ነጥቦቹን ብቻ እየመረጥኩ ወደ 14 ማሳደግም ጀምሬ ነበር፤ ገጽ 2 ላይ አፈርኩ። ቢቸግረኝ ያቺን ቀይ ጥያቄ ልመልሳት ተቀመጥኩ። ማን አለ? እውነትም ማን አለ? ፈልጌ፣ አመሳክሬ፣ የተሳሳትኩትን አርሜ ስጨርስ ስድስት ገጽ ሞላሁ። የመምህሩን ቀለም አጥፍቼ፣ ንጹሕ ቅጂ አዘጋጅቼ፣ ፋይሉን «የመጨረሻ የእውነት የመጨረሻ 3» ብዬ ላክሁ።

«ወፍራሙን ነው?» አለች እህቴ።

«የራሴን ነው» አልኳትና ኮራ ብዬ የተላከውን ከፈትኩላት። አንድ መስመር አንብባ ቀና አለች። አራት ጊዜ ሳርመው፣ ለምጃት ነው መሰል፣ አላየኋትም፦ «የሰው ልጅ ከተፈጠረበት ጊዜ አንስቶ...»