ጎረቤቴ የሚሳሳለት፣ የአክስቴ ልጅ የሚፍቀው

አሜሪካ ውስጥ ጋራዥ መኪና የሚያድርበት ይመስላችኋል። መኪናውማ ውጭ በረዶ ይዘንብበታል፤ ጋራዡ የሰውየው ነው። ቅዳሜ ማለዳ በሩን ወደ ላይ ያነሳና አንዱ የአባቱን ሞተር ብስክሌት ይፈታታል፣ አንዱ ቢራ ይጠምቃል። ቨርጂኒያ ያለው ጎረቤቴ ደግሞ፣ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ያረጀ ጠመንጃ ያድሳል። አልፎ አልፎ አጋዘን አድናለሁ ብሎ ይወጣል፤ ባዶ እጁን ቢመለስም ቅር አይለውም። ደስታው እድሳቱ ላይ ነው።

ጠመንጃዎቹን በሁለት ይከፍላቸዋል። ሰደፉ የጠፋ፣ ዝገት የበላው፣ ከቁርጥራጭ የተሰበሰበ ከሆነ እንደፈቀደው ያደርገዋል። ከዋልነት እንጨት አዲስ ሰደፍ ይጠርብለታል፣ ለራሱ ትከሻ ልክ ያሳጥረዋል፣ የማነጣጠሪያ መነጽር ይገጥምለታል። ሙሉ ሆኖ የደረሰውን ግን ከማጽዳት በቀር አይነካውም። ይህን እሱንና መሰሎቹን ያስተማራቸው ጸጸት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የየአገሩ ሠራዊት ትርፍ ጠመንጃ በርካሽ ሲቸበቸብ አሜሪካዊው ሁሉ ሰደፉንም አፈሙዙንም እየቆረጠ የአደን መሣሪያ አደረገው፤ ዛሬ ሰብሳቢው የሚሻማው ያኔ ከመጋዝ ያመለጠውን ነው።

አንድ ቀን ጠራኝና «የአገርህን ዕቃ ና እይልኝ» አለኝ። ባለፉት ዓመታት አስመጪዎች ከኢትዮጵያ አሮጌ ጠመንጃ በብዛት ገዝተው አሜሪካ እያስገቡ ሸጠዋል፤ ሰደፉ የተሰነጠቀው እንከኑ ተጽፎበት በቅናሽ። የእሱ በልጅግ ነው፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሄርስታል ከሚገኘው የቤልጂየም ፋብሪካ ለኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከተሠሩት። ብረቱ ላይ ሞዓ አንበሳው አለ፣ ዝገት እግሩን በልቶታል እንጂ። ከሰደፉ ጎን አንድ ሰው በቢላዋ «ንብረትነቱ የ» ብሎ ቀርጿል። ከዚያ በኋላ ያለው ስም አይታይም፤ ሰደፉ ሲሰበር ሌላ ሰው ቆርቆሮ አልብሶ በምስማር መትቶበታል።

ምስማሮቹን ነቅለን ስሙን እንየው አልኩት። በፍጹም አለ። ቆርቆሮው የጠመንጃው ታሪክ ነው ሲል ተከራከረኝ፤ ስሙም ነው አልኩት፤ አልተግባባንም። የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርጎ እንጨቱን ቀባው። አንድ ቀን ያሳድረዋል፣ ይወለውለዋል፣ ደግሞ ይቀባዋል። ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ጨርቁን አጥር ላይ ዘርግቶ ያሰጣዋል። ለማያውቀው ባላገር ጠመንጃ ይህን ያህል ሲጠነቀቅ ሳይ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ።

ሕጋቸውም ይገርማል። በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው የፌደራል ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራ ጠመንጃ ቅርስ እንጂ መሣሪያ ተብሎ አይቆጠርም። አድዋ በዚያው አቆጣጠር 1896 ነው። እንግዲህ የአድዋው ውጅግራ በአሜሪካ ሕግ ዓይን ከግድግዳ ሰዓት እምብዛም አይለይም ማለት ነው። በዚያው ሰፈር ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ ተኳሽ ቢገባ መብራት አጥፍተው ጥግ ይዘው ዝም ማለትን ይለማመዳሉ። ሁለቱም ያው አሜሪካ ነው።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስገባ ሱሉልታ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ። ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃላለች፤ ድሮ ገብስ የሚወቃበት አውድማ ላይ አሁን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ተገትሯል። ብርዱ ብቻ አልተለወጠም። የአክስቴ ልጅ የብረት በርና መስኮት የሚሠራበት ብየዳ ቤት አለው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ከግራይንደሩ አጠገብ፣ የአያቱን ጠመንጃ አጋድሞት አገኘሁት።

ቤተሰቡ ምንሽር ይለዋል፤ አጭሩ የጣሊያን ካርካኖ ነው። የመምቻው መርፌ የለም፣ ማቀባበያው ነክሶ ቀርቷል። የሰደፉ አንገት ተሰብሮ በጠፍር ተጠፍንጓል። «የቦራው በሬያችን ቆዳ ነው» አለች አክስቴ ቡና እያፈላች፤ «ነፍሱን ይማረውና አባቱ ነው እርጥቡን ጠምጥሞ ፀሐይ ላይ ያሰጣው። ደርቆ ሲጨብጥ እንኳን እጅ ቢላዋም አይገባበት።» እውነቷን ነው። ጥፍሬን ላስገባ ሞክሬ አልቻልኩም።

ልጅየው ያሰበውን ነገረኝ። ጠፍሩን ቆርጦ ይጥላል፣ ብረቱን በግራይንደር ፍቆ ጥቁር አንጸባራቂ ቀለም ይነፋበታል፣ ቀለበቶቹን ወርቅማ፣ እንጨቱን ቫርኒሽ። ከዚያ ሳሎን፣ ጂፕሰሙ መሀል፣ ከኋላው ኤልኢዲ መብራት። «እንግዳ ሲመጣ በደንብ ይታያል» አለ።

የጎረቤቴን ነገር አጫወትኩት። ሳቀብኝ። «እሱ አዲስ ጠግቦ ነው፤ እኔ አሮጌ ስጠግብ ኖሬ ቆርቆሮና ጠፍር ሳሎኔ ላይ ልስቀል?» መልስ አጣሁ። ውጭ የምንኖር ሰዎች አገር ቤት ስንመጣ ጎጆው እንዳይፈርስ፣ እንስራው እንዳይጣል እንመክራለን፤ እንስራውን ተሸክሞ ወንዝ የወረደው ግን ሌላ ሰው ነው። ጎረቤቴስ ቢሆን በዚያ ጠመንጃ አባቱ አልቆሰለበትም፣ መሣሪያ አስመዝግብ ያለው ሹምም ደጁን አላንኳኳም። እሱ ጋ ጠመንጃው ሰላማዊ ዕቃ የሆነው በሙያው ብቻ አይደለም። እዚህ ጠመንጃ ገና ያልበረደ ጉዳይ ነው። ለዚህም ነው ስለ ቀለሙ ከማውራቴ በፊት ስለ ወረቀቱ የጠየቅኩት። ፈቃዱ በሟች አባቱ ስም ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ የሚያስጠይቅ ነገር ነውና መጀመሪያ ፖሊስ ዘንድ ሄደህ እሱን ጨርስ አልኩት። በዚህ እንኳ ተስማማን።

አንድ ነገር ለአክስቴ አልነገርኳትም። እሷ ጠመንጃው ከአድዋ የተማረከ ነው ትላለች፤ ለቀዬው ሁሉ እንዲሁ ብላለች። ብረቱን በጨርቅ ስወለውለው «ብሬሻ 1936» የሚል ማኅተም ወጣ፣ ከጎኑም የፋሽስቶቹ ዘመን አቆጣጠር፣ 14 በሮማ ቁጥር። ከአድዋ አርባ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ጠመንጃው በአምስቱ የወረራ ዓመታት ከጣሊያን እጅ ወጥቶ ነው አያትየው ዘንድ የደረሰው፤ ይህ ከአድዋ ምን ያንሳል? ለልጅየው በጆሮው ነገርኩት፣ ማኅተሙንም አሳየሁት። ትንሽ ዝም አለና ግራይንደሩን ከሶኬቱ ነቀለ። «እንግዲያው ይቺን አልፍቃትም፤ ሌላውን ግን እፍቃለሁ» አለ።

ድርድራችን እስከ ምሽት ቆየ። ማኅተሙ ተረፈ። ጠፍሩም ተረፈ፣ እሱን ያተረፈችው ግን አክስቴ ናት፤ «የበሬዬን ቆዳ ብትነካ!» ብላ ከውስጥ ጮኸች። በቫርኒሹ ፋንታ የተልባ ዘይት ለመሞከር ተስማማ፣ ተልባው ቤት ስላለ ይሆናል። የቀለበቶቹን ወርቅማ ቀለም ግን ማንም አላስጣለውም፤ ኤልኢዲውንም እንዲሁ። ስሰናበተው የጎረቤቴን የብረት ማጥቆሪያ ፈሳሽ አንድ ጠርሙስ እንድልክለት ጠየቀኝ። ላዩ ላይ «ለጠመንጃ» ተብሎ የተጻፈበትን ጠርሙስ በሻንጣዬ ይዤ ቦሌ ጉምሩክ ፊት እንድቆምልህ ነው? አልኩት። «ታዲያ ጽሑፉን ፍቀኸው አምጣዋ!» አለኝ።