ከሰል ይዤ ክፍል ገባሁ

ጀርመን አገር የተማርኩት ትምህርት ስሙ ረዥም ነው። ማኅበራዊና አካባቢያዊ ሥራ ፈጠራ ይባላል። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ታዲያ ሥራ ያዝክ ማለት ነው?» አለችኝ። «አይ እማ፣ ሥራ እንዴት እንደሚፈጠር ነው የምማረው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «በል እንግዲህ፣ እሱ ይርዳህ» ብላ ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመረች።

አልፈርድባትም። ስሙ ለራሴም ብዙ አይናገርም ነበር። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ድህነትን፣ የአፈር መታጠብን፣ የደን መራቆትን በእርዳታ ገንዘብ ብቻ መግፋት አልተቻለም። እርዳታው ሲያልቅ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፤ የሚቀረው ታፔላው ነው። ታዲያ ችግሩን የሚፈታው ሥራ ራሱ ገቢ ቢያስገባስ? ትርፉ የሚፈለገው ሥራው እንዳይቆም ነው እንጂ ለባለቤቱ ቪላ ማሠሪያ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈተፈትነው ይህችን ነው።

መጀመሪያ የመሐመድ ዩኑስን ታሪክ ተማርን። ባንግላዴሻዊው የኢኮኖሚክስ መምህር እ.ኤ.አ. በ1976 ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ሰዎች በድምሩ 27 ዶላር ከኪሱ አበደረ። ከዚያ ለድሆች ያለ ማስያዣ የሚያበድረው ግራሚን ባንክ መጣ። በ2006 እሱና ባንኩ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተካፈሉ። ቀጥሎ የጀርመኖቹ ራይፋይዘን መጣ። በ1846 እና 47 ክረምት ረሃብ ሲገባ፣ የገጠር ከንቲባ የነበረው ይህ ሰው አቅም ያላቸውን አስተባብሮ ለችግረኛው ዳቦ አስጋገረ። ኋላም የገጠር ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋመ። ዛሬም በብዙ የገጠር ከተማ ባንክ በር ላይ ስሙ ተለጥፎ ይታያል።

እኔ ታዲያ ከኋላ ወንበር ሆኜ «ይሄማ እቁብ ነው፣ ይሄማ ደቦ ነው» እላለሁ። የሐበሻ ኩራት ይዞኝ። መምህራችን ሰሙኝና «እስኪ አስረዳን» አሉኝ። ተነሥቼ ማስረዳት ስጀምር አንድ ነገር ቆረቆረኝ። እቁብ የሚገባው መዋጮ ያለው ሰው ነው። በየሳምንቱ የምታዋጣው የሌላትን ሴት የእናቴ እቁብ አይቀበላትም። ዕጣ ሲደርስም ዋስ ይጠየቃል። ዩኑስ የጀመረው እቁቡ ደጃፍ ላይ ከቀረችው ሴት ነው። እንዲያ ብዬ ተቀመጥኩ። «እኛ ይሄ ሁሉ ድሮም ነበረን» ማለት የምናበዛ ሰዎች፣ እኔ አንዱ ነኝ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ብንረጋ አይከፋም።

ከዚያ የቤት ሥራ ተሰጠን። እያንዳንዱ ከአገሩ አንድ ምሳሌ ያምጣ ተባለ፤ ለሕዝብም ለአካባቢም የሚጠቅም፣ ራሱን የቻለ ሥራ። አንዷ የተራረፈ ምግብን ከሚፈልገው ሰው ጋር የሚያገናኝ የስልክ መተግበሪያ አመጣች። አንዱ ከአሮጌ ጎማ ቦርሳ። እኔ ከሰል አመጣሁ።

ክፍሉ ፀጥ አለ። የሀምቡርጉ ልጅ እጁን አወጣ። «ከሰል እኮ ደን ማጥፋት ነው» አለ። ይሄ ልጅ በበጋ ከመናፈሻ የማይጠፋ ነው። ጀርመኖች ፀሐይ ስትወጣ ቋሊማ ይዘው ይወጣሉ፤ መናፈሻው በከሰል ጭስ ይታጠናል። ይህን ብነግረው ደስ ባለኝ፤ ዋጥኩት።

ጉዳዩ የፋግታ ለኮማ ነው። አዊ፣ አዲስ ቅዳም አካባቢ። የእናቴ ወንድም አገር። አፈሩ አሲዳማ ነው፤ ተዳፋቱ የታጠበ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንድ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ በክረምት ይዞ የሚሄደው አፈሩን ነው። እዚህ መሬት ላይ ገበሬው ደከረንስ መትከል ጀመረ። ደከረንስ የግራር ዘመድ ነው፤ ትውልዱ አውስትራሊያ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙና ጤፉ አንድ ማሳ ላይ አብረው ይበቅላሉ። ጤፉ ይታጨዳል፣ ችግኙ ይቀራል። ከዚያ ዛፉ ሥር ሣር ይታጨዳል፣ ለከብት። በ4ኛው ወይም በ5ኛው ዓመት ዛፉ ይቆረጣል። እዚያው ማሳው ላይ ይከመራል፤ በሣርና በአፈር ተሸፍኖ ይከሰላል። በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልቶ በአይሱዙ አዲስ አበባ ይገባል። ማሳውም ተመልሶ ጤፍ ይዘራበታል። ዛፉ ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ስለሚያስገባ መሬቱ አርፎ፣ ጠግቦ ይጠብቃል።

የሚከስለው የተተከለ ዛፍ ነው እንጂ የተፈጥሮ ደን አይደለም። ተራቁቶ የነበረው ኮረብታ ለበሰ። ችግኝ የሚያፈላው፣ የሚቆርጠው፣ የሚያከስለው፣ የሚጭነው፣ ሁሉም እንጀራ አገኘ። ነገሩ እንዲህ የተስፋፋው ገበሬው ከጎረቤቱ እያየ ነው። ለዚህ ሆቴል ውስጥ አበልና ሰርተፍኬት የተሰጠበት ሥልጠና አላስፈለገም። አሁን አሁን እኛም አገር ስታርታፕ፣ ኢንኩቤሽን የሚሉት፣ ጀማሪ ድርጅት የማቋቋምና የማሳደግ ነገር በዝቷል። ወጣቱ ባነር ፊት ፎቶ ይነሣል፤ በማግሥቱ ሥራ ፍለጋ ይወጣል።

ክፍሉ ወደደልኝ። ያ ሀምቡርጌም አጨበጨበ። መምህራችን ግን አንዲት ጥያቄ ጠየቁ። «ዛፉ አንድ ዓይነት ብቻ ነው? ቢታመምስ?» «እስካሁን ታሞ አያውቅም» ብዬ በኩራት መለስኩ።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ መንገዱ ለመንገደኛ ክፍት በነበረበት ጊዜ፣ አገር ቤት ሄድኩ። ከባሕር ዳር በመራዊ፣ በዳንግላ አድርጌ።

መንገዱ ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ላንሣ። ጀርመን ውስጥ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ 25 የዩሮ ሳንቲም ያወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አብዛኛው የሚጣል የመጠጥ ዕቃ ማስያዣ አለው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ማሽን አለ፤ ጠርሙሱን ትጎርሳለች፣ ደረሰኝ ትተፋለች። ሥርዓቱ ያስቀናል። ግን ማታ ማታ ባትሪ ይዘው የቆሻሻ ገንዳ የሚበረብሩ የጡረታ ሰዎችም አሉ። ደግ ሰው ጠርሙሱን ገንዳ ውስጥ አይጥልም፤ እንዳይንበረከኩ ብሎ ከገንዳው አጠገብ ያቆምላቸዋል። ደግነቱ ደስ ይላል። አገሩ ሀብታም መሆኑን ሳስብ ግን ደግነቱ ራሱ ያሳፍራል።

ዳንግላ ላይ መኪናችን ሲቆም ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ከበቡን። የውኃ ፋብሪካ ስም የነበረው የጠርሙሱ ስም ሆኖ ቀርቷል። ጠርሙሱ ለትምህርት ቤት ውኃ ነው። ለላምባ ነው። ለአረቄ ነው። ክዳኑ ሲጠፋ በኮባ ይወተፋል። ይህን ለጀርመን ጓደኞቼ ብነግር «የክብ ኢኮኖሚ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ዕቃ ሳይጣል ደጋግሞ ሲሠራ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ያየሁት ውኃ መያዣ የሌለው ልጅ ነው። ዞር ስል ደግሞ የከተማው ቦይ በፌስታልና በተጨማደደ ሃይላንድ ታፍኗል። ልጆቹ የሚለቅሙት ደህናውን ብቻ ነው። የተቀደደውን የሚገዛ የለም፤ እዚያ ላይ ነው ያቺ ማሽን፣ ማሽኗም ባትሆን 25 ሳንቲሟ፣ የምታስፈልገው።

አጎቴ ቤት ደረስኩ። ከልጅነቴ «አያ» ነው የምላቸው። ጠላ ከመቅዳታቸው በፊት ወደ ማሳው ወሰዱኝ።

ደከረንሱ ቆሟል። ግን አረንጓዴ አይደለም። ቅጠሉን ጨበጥ አድርጌ ስለቀው መዳፌ ቡናማ ሆነ፤ ልክ የተወቀጠ ቡና የነካሁ ያህል።

«ዋግ ነው» አሉኝ። «ስንዴውን የሚመታው ዓይነት። ዘንድሮ ችግኙን ሁሉ በላው።»

አካባቢው ሁሉ እንዲሁ ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ ኮረብታውን ሁሉ ስለያዘ በሽታው የሚያቆመው ነገር አላገኘም። ከችግኝ ጣቢያው የቀረው የመደቡ ቅርጽ ብቻ ነው። የመምህራችን ጥያቄ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ ያችን «ታሞ አያውቅም» ያልኳትን ምነው መልሼ በገዛኋት ኖሮ።

«አንተ እንግዲህ ይሄን ነው አሉ የምትማረው» አሉ አያ። «ለዋግ መድኃኒት አላችሁ?»

«የለንም አያ።»

«ታዲያ ምን አላችሁ?»

ምን ልበል? ማታ ኩራዝ ሥር ቁጭ ብለን ከአጎቴ ልጅ ደብተር አንድ ሉክ ቀደድን። 9 ሳጥን ሣልኩ። የትምህርታችን ዋና መሣሪያ ይህ ነው፤ ደንበኛው ማነው፣ ምን እንሸጣለን፣ በምን በኩል፣ ገቢው፣ ወጪው፣ እያለ ይቀጥላል። ደንበኛው አዲስ አበባ ቡና የምታፈላዋ ሴትዮ ነች። አያ ሳቁ። «እሷ እኔን አታውቀኝ» አሉ። ገቢውን በቃላቸው ያውቁታል፤ በየዓመቱ፣ በየጆንያው። ወጪው ላይ ስንደርስ ችግኝ፣ ጆንያ፣ የአክሳዩ ድርሻ አሉና ቆሙ።

«የእርስዎስ ቀን?» አልኩ።

«የኔ ምን?»

«የሠሩበት ቀን። ሲኮተኩቱ፣ ሲያጥሩ፣ ሌሊት ምድጃውን ሲጠብቁ። የልጆቹም።»

«የገዛ ማሳዬን ስጠብቅ ማን ይከፍለኛል?»

የአጎቴ ልጅ 10ኛ ክፍል ናት። እርሳሱን ተቀበለችኝና የአካባቢውን የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይዛ መቁጠር ጀመረች። አያ መጀመሪያ ተቃወሙ፤ ኋላ እሳቸው ራሳቸው «የጥርጊያውን ረሳሽው»፣ «አጥሩን ሁለት ጊዜ ነው ያጠርነው» እያሉ ያስታውሷት ጀመር። ወጪው ሳጥኑን ሞልቶ ወደ ጠርዙ ፈሰሰ። የቀረው ትርፍ ሁላችንም ከገመትነው ያነሰ ነበር። በሽታው ሳይመጣም በፊት ማለቴ ነው።

መምህራችን ከ9ኙ ሳጥን በታች ሁለት ይጨምሩ ነበር። አንዱ ለሕዝብና ለአካባቢ የሚያስገኘው፣ ሌላው የሚያስከፍለው። ሁለቱንም ሣልኳቸው። በመጀመሪያው ልጅቷ «ኮረብታው ለበሰ» ብላ ጻፈች። ሁለተኛው ላይ እርሳሷን ይዛ ቆየች።

«ሁሉም አንድ ዛፍ ተከለ በይ» አሉ አያ።

ጻፈች። አያ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ኩራዙ አስጠጉት። ማንበብ ብዙም አይችሉም፤ ሳጥኖቹን ግን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ። ከዚያ በአራት አጥፈው፣ ከዕቃ ሣጥናቸው የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን አውጥተው፣ መሀሉ ላይ ከተቱት።