ፑሆልስ አርጅቶ ነበር፤ ግን ለየትኛው ሥራ?

እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ የተባለው የቤዝቦል ክለብ አልበርት ፑሆልስን አሰናበተ። የ41 ዓመቱ ዶሚኒካዊ በ24 ጨዋታዎች 5 ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያወጣ ምት) መትቶ፣ የምት አማካዩ (ለመምታት ከወጣባቸው ጊዜያት የተሳኩለት ድርሻ) ከ0.200 በታች ወርዶ ነበር። «አበቃለት» ያላለ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በቀጣዩ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ያው ሰው በአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ ታሪክ 700 ሆም ረን የመታ አራተኛው ተጫዋች ሆነ። ከእርሱ በፊት እዚያ የደረሱት ባሪ ቦንድስ፣ ሃንክ አሮንና ቤብ ሩት ብቻ ናቸው።

ዕድሜው የገፋ ተጫዋች ለቡድኑ ይጠቅማል ወይስ ቦታውን ይልቀቅ የሚለው ክርክር በየዓመቱ ይነሣል። እኔ ጥያቄው ከመነሻው ጠማማ ነው ባይ ነኝ። ሰው ሁለንተናው በአንድ ቀን አያረጅም። እግሩ ቀድሞ ይከዳዋል፤ ዓይኑና የእጁ ልምድ ይቆያሉ። ክለቡ ራሱን መጠየቅ ያለበት ለቀረው ችሎታ የሚመጥን ሥራ አለኝ ወይ ብሎ ነው።

ኤንጅልስ ያን ሥራ ሊያገኝለት አልቻለም። በ2011 መጨረሻ የ10 ዓመት የ240 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲያስፈርመው ፑሆልስ ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር 2 ጊዜ ሻምፒዮን፣ 3 ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ነበር። ክለቡ የከፈለው ላለፈው ዝና ነው፤ የተረከበው የሚመጣውን እርጅና። ያን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበትን ሰው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ለማንም አሠልጣኝ ይከብዳል። ስለዚህ ጉልበቱ እየከዳውም፣ ከተጋጣሚ ቡድን ኳሷን የሚወረውርለት ማንም ይሁን ማን፣ ይሰለፍ ነበር። በኋላ የቡድን ጓደኞቹ ሾሄ ኦታኒና ጃሬድ ዋልሽ ቦታዎቹን ሲይዙበት መውጫው በር ብቻ ቀረ። ማሰናበቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ስሕተቱ የተሠራው ከዓመታት በፊት ውሉ ላይ ነው።

ከዚያ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወሰደው። ወጣቶቹ «ቲዮ አልበርት» ይሉት ነበር፤ አጎቴ አልበርት እንደ ማለት ነው። ስለ ምክሩና ስለ ጠባዩ ብዙ ተወርቷል። እኔ ለዚህ ያን ያህል ክብደት አልሰጥም። 26 ሰው ብቻ በሚይዝ ዝርዝር ውስጥ ለምክር ተብሎ ቦታ አይያዝም፤ መካሪ ከተፈለገ በረዳት አሠልጣኝነት ይቀጠራል። ፑሆልስ የሚፈለገው ግራኝ ወርዋሪ (በግራ እጁ ኳስ የሚወረውር ተጋጣሚ) ሲመጣ አሁንም አስፈሪ ስለሆነ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፑሆልስ በቀኝ የሚመታ ነው። በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው ኳስ ከመቺው ትከሻ በኩል ተነሥታ ወደ ውጭ ትሸሸዋለች። የግራኝ ኳስ ግን ከማዶ በኩል በግልጽ እየታየች መጥታ ወደ እርሱ ትታጠፋለች። የእጁ ፍጥነት ለቀነሰበት ሰው ያቺ ቅንጣት ጊዜ ሀብት ናት።

በ2022 ካርዲናልስ በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ዓመት መለሰው። በዚያው ዓመት ካርዲናልስ የሚጫወትበት ናሽናል ሊግ በወርዋሪው ፈንታ ለመምታት ብቻ የተመደበ ተጫዋች እንዲሰለፍ በቋሚነት ፈቀደ፤ ሕጉ ባይለወጥ ኖሮ ለፑሆልስ ቦታ ማግኘት ከባድ ይሆን ነበር። በ6 ዓመት የሚያንሰው አሠልጣኝ ኦሊቨር ማርሞል ግራኝ ሲመጣ አሰለፈው፤ ሌላ ሲወረውር ብዙ ጊዜ አሳረፈው። እስከ ጁላይ አጋማሽ ድረስ 6 ሆም ረንና የ0.215 አማካይ ብቻ ነበረው። ያኔ ቢያሰናብቱት ማን ይፈርድባቸው ነበር? ታገሡት፤ በቀሪው ጊዜ 18 ጨመረ። በግራኞች ላይ የነበረው አማካይ 0.345 ደረሰ።

ሴፕቴምበር 23 በዶጀር ስታዲየም 699ኛዋን ከግራኙ አንድሩ ሂኒ መታ። 700ኛዋ የመጣችው በቀኙ ከሚወረውረው ከፊል ቢክፎርድ ነው። ይህ ለክርክሬ እንደማይመች አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያን ምሽት ደስታዬን አልቀነሰውም። ቤዞቹን (መቺው የሚሮጥባቸውን የሜዳ ነጥቦች) ዞሮ ከጨረሰ በኋላ ከተመልካቹ መከላከያ መረብ ኋላ ወደነበረው የአገሩ ልጅ፣ ወደ ቀድሞው ተጫዋች አድሪያን ቤልትሬ ሄደ፤ በመረቡ ላይ መዳፍ ለመዳፍ ተጋጩ። ስለ ኳሷ ሲጠየቅም የያዛት ደጋፊ ቢያስቀራት ቅር እንደማይለው ተናገረ።

ኦክቶበር 8 በጥሎ ማለፍ ጨዋታ ካርዲናልስ በሜዳው በፊላደልፊያ ፊሊስ 2 ለ 0 እየተመራ ነበር። በስምንተኛው ዙር ፑሆልስ ኳሷን መትቶ አንደኛ ቤዝ ላይ ደረሰ። በሙያ ዘመኑ የመጨረሻው ምት እርሱ ሆነ። ማርሞል ወዲያውኑ በቦታው ፈጣን ሯጭ አስገባ።