«የሚያውቀው ሰው የለም»

አገር ቤት ስሠራ በየቀኑ ማለት ይቻላል የምሰማው መልስ ነው። «የሚያውቀው ሰው የለም»። ሰውየው ፈቃድ ወጥቷል ወይም ሥራ ለቋል። ፋይሉ አለ፣ ኮምፒውተሩም አለ። አሠራሩ ግን ያለው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ካልተመለሰ ተተኪው ከዜሮ ይጀምራል።

ውጭ ስቀጠር አለቃዬ በመጀመሪያው ቀን የመሥሪያ ቤቱን ዊኪ ከፈተችልኝ። ሠራተኛው ሁሉ የሚጽፍበትና የሚያርመው የጋራ ድረ ገጽ ነው። «አንብቢ፤ ስህተት ካገኘሽ አስተካክዪ» አለችኝ። ማንበቡን ለመድኩ፣ ማስተካከሉን ግን ፈራሁ። በሦስተኛው ሳምንት ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) የሚወሰድበትን ቅደም ተከተል እያየሁ ስሠራ አንዱ ደረጃ አልሄድ አለ። ሲስተሙ ተቀይሯል፣ ገጹ አልተቀየረም። የጻፈው ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ነው። ፈራ ተባ እያልኩ አረምኩት። በማግስቱ ኃላፊው ራሱ ገብቶ እኔም የዘለልኩትን አንድ ነገር ጨመረበት። ስለዚያ ሥራ በደንብ የገባኝ ያን ቀን ነው።

አሜሪካዊው ፕሮግራመር ዋርድ ከኒንግሃም የመጀመሪያውን ዊኪ በ1995 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ያዋለው ፕሮግራመሮች ልምዳቸውን እንዲለዋወጡበት ነበር። ስሙን የወሰደው «ፈጣን» ከሚል የሃዋይ ቃል ነው። ዛሬ በምንጠቀምባቸው ዊኪዎች ማን መቼ ምን እንደቀየረ ተመዝግቦ ይቀመጣል። የተበላሸ ነገር ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ጀማሪ ሰው ሳይሳቀቅ የሚጽፈው ለዚህ ነው።

አገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ በቴሌግራም ግሩፕ ይማማራሉ። ሰዉ ያለስስት ይመልሳል። አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ጊዜውን ሰጥቶ የሚያሳይ ባልደረባም አለ። እውነቱን ልናገር፣ እዚህ እንደዚያ የሚያስተምር ሰው ይናፍቀኛል። ግን ሰኞ የተመለሰው ጥያቄ በወሩ እንደገና ይጠየቃል፤ መልሱ ከመልእክት ብዛት ሥር ተቀብሯልና።

እዚህም ቢሆን ዊኪ ስላለ ብቻ ሁሉም ተማረ ማለት አይደለም። ለዓመታት ማንም ያልነካቸው ገጾች አይቻለሁ። አዲስ ሰው እነሱን አምኖ ይሳሳታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መጻፉ እንደ ሥራ ካልተቆጠረ፣ ሥራ የበዛበት ሰው መጀመሪያ የሚተወው እሱን ነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ «ሥራ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ስራ» ብሎ ይፈልጋል። ፊደሉ ስለተለያየ ብዙ ጊዜ ገጹ እያለ አይገኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው በአንድ አጻጻፍ መስማማት፣ ለሌላውም ወደ ዋናው የሚያዞር ገጽ መክፈት ያስፈልጋል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሁለት ጊዜ ፈልጎ ያጣ ሰው ሦስተኛ አይሞክርም።

አገር ቤት ያሉ ኃላፊዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ያ አጠገብ ተቀምጦ የማሳየት ልማድ ይቀጥል። ሲያበቃ ግን የሚጽፈው ተማሪው ይሁን፤ ነባሩ ያርመው። ነባሩ እጁ ስለለመደው ሳያስታውስ የሚዘላቸው ደረጃዎች አሉ። ያንን የሚያየው ትናንት የተቀጠረው ልጅ ነው።